ለጥ ያለው የመጀመሪያ ገጽ

አዳማ ላይ የብረት ሥራ ለመማር ወደ አንድ ቤት የገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጨብጠው ግራይንደር፣ በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጠውና የሚልጠው ማሽን፣ ነው። ሥራው አይጠብቅም። የግቢ በር ቀጠሮ የተያዘለት ደንበኛ ይደውላል፣ ሻንሲው የተሰነጠቀ ባጃጅ ደጅ ላይ ቆሟል፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ አይሱዙ የጎን ሳንቃው ማጠፊያ ተገንጥሎበታል። ልጁ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቱቦ) ይቆርጣል፣ ብየዳ ይልጣል፣ ቀለም ይቀባል። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው እንጀራውን አግኝቷል፤ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላም ቢሆን በሩ ለምን እንደማይገጥም፣ ቀዳዳው ለምን ከቡሎኑ ጋር እንደማይገናኝ የማያውቅ ሠራተኛ የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ግራይንደር ስህተትን በሦስት ሰከንድ ሠርቶ ያልፋል፤ ዓይን አይደርስበትም። ሞረድ ዘገምተኛ ስለሆነ ስህተቱ ሲወለድ ይታያል።

ስለዚህ የወርክሾፕ ትምህርት መጀመር ያለበት አንድ ለጥ ያለ ገጽ በእጅ በማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያምር ዕቃ መሥራት ይቆይ። ስኳድራ (ቀጤ ማዕዘን መፈተሻው) የሚደገፈው፣ ካሊፐር (ተንሸራታቹ መለኪያ) የሚነሳው፣ መስመር የሚሰመረው ከዚያ ገጽ ነው። እሱ ከጎበጠ ከእሱ የተለካው ሁሉ አብሮ ይጎብጣል።

ለልምምድ የሚያስፈልገው ብረት ውድ አይደለም። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተራ ብረት ቁራጭ ከቁርጥራጭ ሻጭ በኪሎ ይገኛል። የሚፈለገው መጨረሻ ላይ 60 በ60 ሚሊሜትር የሆነ፣ በየጎኑ ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ያልሳተ፣ አራቱም ማዕዘኑ ስኳድራ የሆነ ሰሌዳ ነው። ሲቆረጥ 62 በ62 ይደረጋል፤ አንዱ ሚሊሜትር ለሴጌቶው፣ ለእጅ የብረት መጋዙ፣ መንሸራተት፣ ሌላው ለሞረዱ ነው።

ሴጌቶው ራሱ ትምህርት አለው። የምላጩ ጥርስ ወደፊት ይዞራል፤ ሲገፋ ይቆርጣል፣ ሲመለስ ጫናው ይነሳል። ምላጩ ላይ የተጻፈው 18፣ 24 ወይም 32 በአንድ ኢንች ርዝመት ያሉትን ጥርሶች የሚቆጥር ነው። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት ይላል። ለ12 ሚሊሜትሩ ሰሌዳ ባለ 18ቱ ይበቃል። ግድግዳው 1.2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ ግን በባለ 18 ምላጭ ሲቆረጥ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ስስ ግድግዳው ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ጥርሱን ይነቅለዋል። ባለ 32ቱም ብቻውን አይበቃም፤ ቱቦላሬውን ጋደም አድርጎ በሰያፍ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ያኔ ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ ይነካል። ምላጭ መሐል ላይ ሲሰበር ደግሞ አዲሱን በአሮጌው መንገድ ውስጥ ማስገባት አይገባም። ያረጀው ምላጭ ጎኑ ተበልቶ የቀደደው መንገድ ጠባብ ነው፤ አዲሱ ይታነቅና እሱም ይሰበራል። ብረቱ ይገለበጥና ከሌላው ወገን ይጀመራል።

አሁን ወደ ሞረዱ። ቀድሞ መታየት ያለበት እጀታው ነው። እጀታ የሌለው ሞረድ ሲያመልጥ ሹሉ ጅራቱ መዳፍ ይወጋል፤ በየቤቱ ግን እንዲህ ያለ ሞረድ አይጠፋም። ከዚያ ብረቱን ነክሶ የሚይዘው የሞርሳ ከፍታ ነው። ሠራተኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጡጫውን አገጩ ሥር ሲያደርግ ክርኑ የሞርሳውን መንጋጋ አናት ሊነካ ይገባል። አጭር ለማጅ እግሩ ሥር ጣውላ ያስገባል፤ ለረጅሙ ሞርሳው ከሥር በጣውላ ከፍ ይደረጋል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞርሳው ከፍ ካለ ክንዱ ወደ ላይ ስለሚገፋ ሞረዱ ከመጀመሪያውም አግድም አይሄድም።

የሞረድ አሠራር ምስጢሩ የሁለቱ እጆች ጫና ነው። ሞረዱ ሲነሳ ረጅሙ ክፍል፣ እጀታው ያለበት፣ ከብረቱ ወዲህ ቀርቷል፤ ስለዚህ ጫፉን የያዘው ግራ እጅ ይጫናል፣ ቀኙ ይገፋል ብቻ። መሐል ሲደርስ ሁለቱ እኩል ይጫናሉ። መጨረሻ ላይ ጫፉ አልፎ ስለወጣ ግራው ይለቅቃል፣ ቀኙ ይጫናል። ይህን ያላወቀ ለማጅ ከመነሻ እስከ መድረሻ በሁለቱም እጁ እኩል ይጫናል። ያኔ ሞረዱ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ መጀመሪያ ላይ የቅርቡን ጠርዝ፣ መጨረሻ ላይ የሩቁን ጠርዝ ይበላና መሐሉን ይተወዋል። ውጤቱ ሆዱ የወጣ ገጽ ነው። የጀማሪ ሥራ ሁሉ ሆዱ ይወጣል፤ ተሰርጉዶ የሚመጣ እምብዛም የለም። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ምልልስ ቢሆን ይበቃል። ሲመለስ ሞረዱ አይጫንም፤ ወደኋላ የሚጎተት ሞረድ ጥርሱን ያደንዛል። አቅጣጫው አንድ ብቻ እንዳይሆን። ለጥቂት ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ በሰያፍ ይሞረዳል፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ። አዲሱ ጭረት አሮጌውን አቋርጦ ሲያልፍ ከፍ ያለው ቦታ ብቻ አዲስ ጭረት ይይዛል፣ ዝቅ ያለው ቦታ የቀድሞውን ጭረት እንደያዘ ይቀራል። ይህ ያለምንም መሣሪያ የሚታይ ካርታ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ለማጁን «የትኛው ጭረት ቀረ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ለማየት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ ገጹ ላይ ይቆምና ወደ ብርሃን ይያዛል። በሁለቱ ዳር ብርሃን ካለፈ ሆዱ ወጥቷል፤ መሐል ላይ ካለፈ ተሰርጉዷል። ዓይን እዚህ ላይ የሚደነቅ መሣሪያ ነው፤ የመቶኛ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እንኳ ብርሃን ያሳያል። ማስመሪያው በቁመት፣ በወርድ፣ ከዚያም በሁለቱ ሰያፍ ይቀመጣል። ሰያፉን የሚዘልል ሰው መጣመምን አያገኘውም፤ አራቱ ጠርዝ ቀጥ ብለው ሰሌዳው የተጠማዘዘ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ብዙ ልፋት ያጠፋሉ። አንዱ የተሞረደውን ገጽ በመዳፍ መዳሰስ ነው። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ ደስ ስለሚል። የእጅ ላብና ቅባት ግን ገጹ ላይ ይቀርና ሞረዱ ሳይቆርጥ ይንሸራተታል። በብሩሽ ይጠረግ። ሁለተኛው በሞረዱ ጥርስ መካከል የሚሰነቀር ብናኝ ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ ብትሰነቀር ገጹን ጥልቅ አድርጋ ትቧጭረዋለች። ሞረዱን ቀድሞ ጠመኔ ማሸት ብናኙ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ የተሰነቀረው በሽቦ ብሩሽ በጥርሱ አቅጣጫ ይጸዳል። 300 ሚሊሜትሩ ሻካራ ሞረድ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር አስቀርቶ ያቆማል፤ ቀሪው የለስላሳው ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያ በኋላ አይነካም። ሁለተኛው ገጽ ከእሱ ጋር በስኳድራ ይታያል። ሦስተኛው፣ የመጀመሪያው ትይዩ፣ በካሊፐር ይለካል። አራተኛው ከሁለተኛው ይለካል። ቅደም ተከተሉን የሚያፋልስ ለማጅ፣ ማለትም አራቱንም ጎን ትንሽ ትንሽ እየሞረደ የሚዞር፣ ሰሌዳው 55 ሚሊሜትር እስኪደርስ ድረስ ስኳድራ አያገኝም። ይህን ማሳጠር የሚቻልበት መንገድ አላውቅም። በጎበዝ አሠልጣኝ ሥር ሆኖም ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ያ ጊዜ እንደባከነ መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ማስመሪያውስ ቀጥ ማለቱን ማን አረጋገጠ? ጥያቄው አሮጌ ነው። ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለው እንግሊዛዊ በ1840 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ ስለ እውነተኛ ለጥ ያለ ገጽ ባቀረበው ጽሑፍ ዘዴውን አስረድቷል፤ ቀድሞ በሠራበት በሄንሪ ሞድስሌ ወርክሾፕ ውስጥም ሥራው ይታወቅ ነበር። ሁለት ሰሌዳ እርስ በርስ ቢፋተሹ አንዱ ሆዱ ወጥቶ ሌላው ተሰርጉዶ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስት ሰሌዳ፣ ሀ ከለ፣ ለ ከሐ፣ ሐ ከሀ ጋር፣ ሩብ ዙር ተዟዙረውም ጭምር፣ ሁሉም ከገጠሙ ግን ሦስቱም ለጥ ያሉ ከመሆን ሌላ መንገድ የላቸውም። ያለ ምንም ቀዳሚ መለኪያ ልክ የሚገኝበት ይህ ሐሳብ ለእኔ ከሙያው ሁሉ ውበቱ የሚበልጥ ነው። በእኛ ከተማ በቀላሉ የሚገኘው ምትክ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ቁራጭ ነው፤ መስታወት ቤቶች ትርፍ ቁራጭ አይጠፋቸውም። እንዳይጎብጥ በወፍራም ጣውላ ላይ ጨርቅ ተነጥፎለት ይቀመጣል። መስታወቱ ላይ እጅግ ስስ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ይቀባና ሰሌዳው ይታሽበታል፤ ቀለም የነካው ቦታ ከፍ ያለው ነው፣ እሱ ብቻ ይሞረዳል። ቀለሙ ከወፈረ ሁሉንም ይነካና ይዋሻል።

የልኬትን ነገር ከዚሁ ጋር ላንሳ። የሜትር ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ ወዲህ ወዲያ የሚንቀሳቀሰው ላልቶ አይደለም። ሲሳብ በራሱ ውፍረት ይወጣል፣ ሲገፋ በዚያው ልክ ይገባል፤ ከውጭም ከውስጥም ሲለካ ትክክል እንዲሆን ነው። በመዶሻ ቀጥቅጦ የሚያጠብቀው ሰው ሜትሩን ያበላሸዋል። ካሊፐር ደግሞ ከመለካቱ በፊት ተዘግቶ ዜሮው ይታያል። ባለ 50 ክፍሉ በ0.02 ሚሊሜትር ያነብባል፤ ዋናው ላይ 27 አልፎ ተንሸራታቹ ላይ 16ኛው መስመር ከገጠመ ልኬቱ 27.32 ነው።

ቀዳዳ ሲሰመር ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጠርዝ ይለካ። በ20 ሚሊሜትር ልዩነት የሚሄዱ ስድስት ቀዳዳዎች የመጀመሪያው ከጠርዙ፣ ቀሪዎቹ እያንዳንዳቸው ከጎረቤታቸው ቢለኩና በየጊዜው 0.3 ሚሊሜትር ቢሳት፣ ስድስተኛው 1.8 ሚሊሜትር ሊርቅ ይችላል። ከመነሻው ጠርዝ የተለኩ ከሆነ የትኛውም ከ0.3 አያልፍም። ባለ 8 ቡሎን 9 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ በየጎኑ ያለው ነጻነት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። «ቀዳዳው አልገናኝ አለ» ተብሎ በሞረድ የሚሰፋው ቀዳዳ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የመጣ ነው።

ሲበሳ የሚታየው ፍቅፋቂው ነው። ጥሩ የተሳለ ፑንታ (መብሻው ብረት) ከሁለቱ ስለቶቹ ሁለት እኩል የተጠመዘዘ ክር ያወጣል። ከአንድ ወገን ብቻ ከወጣ አንዱ ስለት ረዝሟል ወይም ማዕዘኑ ተለይቷል፤ ቀዳዳውም ከፑንታው ይሰፋል። ፍጥነቱ ደግሞ ይሰላል። ለተራ ብረት የተለመደው ፑንታ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል የመቁረጥ ፍጥነት ይበቃዋል፤ ለ10 ሚሊሜትር ይህ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ነው፣ ለ5 ሚሊሜትር 1600። የእጅ መሰርሰሪያ በ2800 ዙር ባለ 10 ፑንታን ሲያዞር የጠርዙ ፍጥነት በደቂቃ 88 ሜትር ይደርሳል። ያኔ የፑንታው ጥግ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነ ጥግ ብዙ ጊዜ ስለቱ ሄዷል፤ ቢጫኑት አይቆርጥም፣ ይፋጫል እንጂ። ስለዚህ ትልቅ ፑንታ በዝግታ፣ በጠንካራ ጫና፣ በዘይት። የቡሎን ጥርስ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሆነ ለኤም 8 (ለባለ 8 ቡሎን) በ6.8፣ ለኤም 10 በ8.5 ሚሊሜትር ይበሳል፤ ጥርስ ማውጫው ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ ይዞራል፣ ፍቅፋቂው እንዲሰበር። ውስጥ የተሰበረ ጥርስ ማውጫ ጥንካሬው ከፑንታው አያንስም፤ በፑንታ አይወጣም።

የሚበሳው ብረት በእጅ አይያዝ። ላሜራ በተለይ ፑንታው ሊያልፍ ሲል ይነክሰዋል፣ እንደ ምላጭም ይሽከረከራል። ጓንት በሚሽከረከር ነገር አጠገብ አይለበስም። ግራይንደር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ 115 ሚሊሜትሩ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ይዞራል፣ 230 ሚሊሜትሩ ትልቅ ዲስክ የተፈቀደለት 6,600 ነው። መከላከያውን አውልቆ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ላይ የሚያስር ሰው ጠርዙን በሰከንድ 132 ሜትር ያስኬደዋል፤ ዲስኩ የተሠራው ለ80 ነው። ሲፈነዳ የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው።

የአዳማ ወርክሾፖች ዋና ገበያ በርና መስኮት ነው፤ እዚህም የመጀመሪያው ገጽ ነገር ይመለሳል፣ አሁን በሰያፍ መልክ። 2100 በ900 የሆነ ፍሬም ሁለቱም ሰያፉ 2285 ሚሊሜትር መሆን አለበት። አንዱ 2288 ሌላው 2281 ከሆነ ልዩነቱ 7 ብቻ ይመስላል፤ የበሩ ራስ ግን 9 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን ተጋድሟል፣ ቁልፉም ጎሬውን አያገኝም። ስለዚህ አራቱ ጥግ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዛሉ፣ ሰያፉ ይለካል፣ ረጅሙ ሰያፍ ተገፍቶ ይስተካከላል፣ ከዚያ ነው የሚበየደው። አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደሌላው መሄድ አይደለም። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ወደ ተበየደበት ወገንም ይስባል፤ ስለዚህ አንድ ጥግ ላይ አንድ ወገን፣ ቀጥሎ በሰያፍ ትይዩው ያለው ጥግ፣ ከዚያ ፍሬሙ ተገልብጦ ሌላው ወገን። ለ1.5 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ከ50 እስከ 70 አምፔር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ይበሳል፤ የተበሳውን ለመድፈን የሚጨመረው ብየዳ ደግሞ ተጨማሪ መኮማተር ነው።

ነፋሱም የራሱ ሕግ አለው። በከተማችን ዙሪያ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከሉም። በጋዝ የሚከለለው የሚግ ብየዳ ግን በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ነፋስ ሲነካው ጋዙ ይገፈፍና ብየዳው እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። በረንዳ ላይ የሚሠራ ሰው ወይ በላሜራ ይከልል፣ ወይ የራሱን ጋዝ ከልባሱ በሚያወጣው ተራ ኤሌክትሮድ ይሥራ። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ያመጣል። በያጆች ወተት ይጠጣሉ፤ ወተቱ ጨጓራ ይገባል፣ ጭሱ የገባው ሳንባ ነው። የሚረዳው ልባሱን ቀድሞ መላጥና ነፋሱ ጭሱን ከፊት እንዲወስደው አድርጎ መቆም ነው፤ እዚህ ላይ የአዳማ ነፋስ ወዳጅ ይሆናል። በጸሐይ መነጽር መበየድም ይቅር። ለተራው ብየዳ የመስታወቱ ጥቁረት 10 ወይም 11 ይሁን፤ ዓይን የሚቃጠለው በሥራ ሰዓት ሳይታወቅ ነው፣ ሕመሙ የሚመጣው ሌሊት።

ሰሌዳውን የጨረሰ ለማጅ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ ሲወጣ ያው ጥያቄ ይከተለዋል፤ ከምን ተነስቼ ነው የምለካው? የወፍጮ ዘንግ እንውሰድ። 6208 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር ነው። ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ የዘንጉ መቀመጫ ከ40.002 እስከ 40.018 መሆን አለበት፤ ክፍተቱ 0.016 ብቻ ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ ይሞቃል። ከአካባቢው በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ዲያሜትሩ በ0.018 ያብጣል። ትኩሱን ለክቶ 40.010 ያነበበ ሠራተኛ ሲቀዘቅዝ 39.992 ያገኛል፤ ኩሽኔታው በእጅ ይገባል። የውስጥ ቀለበቱ ዘንጉ ላይ መሽከርከር ይጀምራል፣ ይበላዋል። ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚደረገው መቀመጫውን በፓንች ነጥብ ነጥብ አድርጎ ማሳበጥ ነው። ኩሽኔታው ለጊዜው ይጠብቃል፤ ነገር ግን የሚነካው በነጥቦቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ እነሱ ተጨፍልቀው ያው ይላላል። ያለው መፍትሔ በብየዳ ሞልቶ እንደገና ማስቆረጥ ወይም ቡሽ፣ ማለትም የብረት ቀለበት፣ ማግባት ነው።

ይህ ሁሉ እንዳይመጣ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ሲቀር ቶርኖው ይቆማል። ዘንጉ፣ ኩሽኔታውና መለኪያው እኩል ሙቀት እስኪይዙ ይጠበቃል፤ ባዶ እጅ ሲዳስሳቸው ልዩነት ማጣት አለበት። ቀኑ 30 ዲግሪ ቢሆን አያሳስብም፤ ሦስቱም ብረት ስለሆኑ አብረው ያብጣሉ፣ አብረው ይኮማተራሉ። ከዚያ ከ25 እስከ 50 የሚለካ ማይክሮሜትር ይወጣል፤ በ0.02 የሚያነብብ ካሊፐር 0.016 ክፍተት ውስጥ ያለውን ነገር ሊነግረን አይችልም። መጨረሻው ቆረጣ ሁለት ጊዜ በእኩል ጥልቀት ይከፈላል። የመጀመሪያው ምን ያህል እንደወሰደ ተለክቶ፣ ሁለተኛው በዚያው ይስተካከላል።